አንዲት ‹የ›

የአክስቴ የእታለም ሰላምታ ረጅም ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ካለው ቀዬዋ ስትደውል እኔን፣ ባለቤቴን፣ ልጆቹን፣ የግቢውን ዘበኛ፣ አምና የሞተውን ውሻችንን ሳይቀር በየተራ ትጠይቃለች። ዋናው ጉዳይ የሚመጣው ሁልጊዜ «በል ደህና ዋል» ካለች በኋላ ነው። የዚያን ዕለትም እንደዚያው ሆነ።

«በል ደህና ዋል… ስማ እንጂ! ይቺ ጉልበቴ አላስቆም አላስቀምጥ ብላኛለች። እዚያ አዲስ አበባ ሴት ሐኪም ፈልገህ ቀጠሮ ያዝልኝ።»

«ለምን ሴት፣ እታለም? ሐኪም ያው ሐኪም ነው።»

«አንተ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለወንድ ጭኔን ገልጬ? ነፍሱን ይማረውና አጎትህ እንኳ…»

እዚህ ላይ መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርኩን እንደማንም ሰው አማርራለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ጨዋነቱን አደነቅኩለት።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተሰለፍኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ከጥፋቱ የሚበዛው የኔ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል ወረፋ በኋላ ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል፣

«የት ክፍል ነው?» አለችኝ።

«ሴት ሐኪም ፈልጌ ነበር።»

«የሴት?»

«አዎ፣ ሴት።»

«የታካሚዋ ዕድሜ?»

«ሰባ ሁለት።»

ያን ጊዜ ቀና አለች።

«ሰባ… ሁለት?»

«አዎ። ደረጃ መውጣት አቅቷታል። ማታ ማታ ደግሞ ይብስባታል።»

«እግዚአብሔር ይርዳት» ብላ ጻፈች። እኔም አሜን ብዬ፣ እንዲህ ያለች አዛኝ ሠራተኛ ከየት ተገኘች እያልኩ ወጣሁ።

ነገሩ የተበላሸው በአንዲት ‹የ› ነው። ‹ሴት ሐኪም› ሲባል ሴቷ ሐኪሟ ናት። ‹የሴት ሐኪም› ሲባል ደግሞ ሴቷ ታካሚዋ ናት፤ ሐኪሙ ጢማም ጎልማሳ ቢሆን ማንም አይከለክለውም። የማኅፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ብሎ መጥራት ምላስ ስለሚያስር፣ አንዳንዱንም ስለሚያሳፍር፣ ሕዝቡ አሳጥሮ የሴት ሐኪም ብሎታል። የሕፃናት ሐኪም ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ ሕፃን ሆኖ የሚያክም ስለሌለ። የጥርስ ሐኪም፣ የዓይን ሐኪም፣ የአእምሮ ሐኪም ብትሉ ‹የ› ሥራዋን ሠርታ ዝም ትላለች። የከብት ሐኪም ላይም ቢሆን ‹የ›ን የሚገድፋት ሐኪሙ ያናደደው ሰው ብቻ ነው። ሴት ላይ ስትደርስ ግን ሰው ታሳስታለች።

በእርግጥ ‹የ› ኖረችም አልኖረችም የማይቸገሩ አሉ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ጋር ከአውስትራሊያ ሲመጡ ሴት ሐኪምም የሴት ሐኪምም ነበሩ፤ ባለቤታቸው የሴት ሐኪም ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለቱ ሆነው የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰም፣ እሳቸውን የተኩት ዶክተር መቅደስ ዳባም በሁለቱም መንገድ ቢጠሩ ልክ ነው። እኔ ግን የፈለግኩት የጉልበት ሐኪም ነበር።

ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰ። እታለም የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ ግማሽ ኪሎ ለጋ ቅቤ በፕላስቲክ ዕቃ አድርጋ መጣች።

«ቅቤው ለማን ነው?»

«ለሐኪሟ ነዋ።»

ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተባለው ክፍል ስንደርስ አግዳሚው ሁሉ በነፍሰ ጡር ተሞልቷል። ግድግዳው ላይ ስለ ጡት ማጥባት የሚያስረዳ ሥዕል ተለጥፏል። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው፤ ግን ሰው ወረፋ ሲይዝ ማሰብ ያቆማል። አንዲት ወሯ የገባ የምትመስል ልጅ እየተነፈሰች ብድግ አለች።

«እማማ፣ ይቀመጡ። ማንን ሊያስወልዱ መጥተው ነው?»

«ኧረ ታካሚዋ እኔው ነኝ» አለች እታለም ምርኩዟን እያስደገፈች።

ኮሪደሩ ጸጥ አለ። ከጎናችን የተቀመጠ አንድ ባል እታለምን አየ፤ ቀጥሎ እኔን ከራስ እስከ እግር አየኝ። ወንድም፣ የወንድሟ ልጅ ነኝ ልለው ፈልጌ ነበር፤ ግን ምን ሊያሻሽልልኝ?

በሩ ላይ የቆመችው ልጅ፣ «ግቡ፣ ዶክተር እየጠበቋችሁ ነው» አለችን። ስለዚህ አረፍተ ነገር ትንሽ ልቆይ።

አማርኛችን ያለ ፆታ አንድ እርምጃ አይራመድም። መጣ፣ መጣች፤ በላህ፣ በላሽ። የማታውቀውን ሰው ሰዓት ለመጠየቅ እንኳ አንተ ይሁን አንቺ ቀድመህ መቁረጥ አለብህ። ክብር ሲገባበት ግን ፆታው ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ‹መጡ› ከተባለ አባት ይሁኑ እናት፣ ጳጳስ ይሁኑ እመምኔት፣ የሚታወቀው በዓይን ሲታዩ ነው። ‹ዶክተር እየጠበቋችሁ ነው› ሲባል አንድ ወንድ ሊሆኑ ይችላሉ፣ አንዲት ሴት ሊሆኑ ይችላሉ፣ አምስት ሐኪሞች ተሰልፈውም ሊሆን ይችላል። ስም ጠይቄ ለይቼ እንዳልል ብዙው ስማችንም አያግዝም፤ ደስታ፣ ስንታየሁ፣ ጽጌ የሚባል ወንድም ሴትም አውቃለሁ። በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ‹ዶ/ር› አለች፤ ከዚያች ዘንበል ያለች መስመር በስተጀርባ ሱሪ ይሁን ቀሚስ ማን ያያል?

ለሴቶቹ ግን ይህች ምሕፃረ ቃል ውለታ አላት እላለሁ። አቶ የተባለ ሰው ያግባ አያግባ ማንም አይጠይቀውም፤ ከአሥራ ስምንት ዓመቱ ጀምሮ እስኪቀበር አቶ ነው። ሴቲቱ ግን ቅጽ በሞላች ቁጥር ወይዘሮ ናት ወይዘሪት ትጠየቃለች። ያን ሁሉ ዓመት ሕክምና ተምራ ስትመረቅ ስቴቶስኮፕ አንገቷ ላይ ይገባል፣ ‹ወ/ሪት› ከስሟ ላይ ትወርዳለች። የትኛው እንደሚቀላት አላውቅም።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። ስንገባ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ደንዳና፣ ጺማቸው ሸበት ያለ፣ እጃቸው የአናጢ የሚያህል ሰውዬ ናቸው። እታለም ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

«ሐኪሟስ?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«አንተ?»

ዶክተሩ ካርዱን አዩ፣ ዕድሜዋን አዩ፣ ምርኩዙን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ነገሩ ገባቸው። ጠረጴዛውን ይዘው እስኪያልባቸው ሳቁና፣ «እናቴ፣ እኔ የሴት ሐኪም ነኝ እንጂ ሴት ሐኪም አይደለሁም» አሏት። እታለም ወደኔ ዞረች። ያንን አስተያየት ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ጥጆቹን ከላሞቹ ጋር ቀላቅዬ የሰደድኩ ዕለት ነው።

ሰውየው ደግ ናቸው፤ እዚያው ወረቀት ጽፈው ወደ አጥንት ክፍል መሩን። ምድር ቤት ነው። እታለም ደረጃውን በአንድ እጇ ምርኩዙን በአንድ እጇ እኔን ይዛ ስትወርድ፣ በየእርከኑ «የሴት አለኝ!» ትላለች። ያላት ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

መቼም ሐኪም የሚለውን ቃል የፈጠርነው እኛ አይደለንም፤ ዐረቦቹ ሐኪም የሚሉት ከሥሩ ብልህ፣ ጥበብ ያለውን ሰው ነው። በሽተኛ የሚያክመውን ደግሞ ጠቢብ ይሉታል። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጧል፤ ጥበበኛውን ጠቢብ አልን፣ የሚያክመውን ሐኪም። ይባስ ብለን ከዚሁ ከጠቢብ ጠይብን አወጣንና ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን በቡዳነት ስንጠረጥርበት ኖርን። የሚያክመውም ያሳምማል የሚባለውም ከአንድ ቃል መውጣቱ የሚገርመኝ እኔን ብቻ ነው መሰለኝ። ዐረቦቹ ለሴቷ ‹ጠቢባ› ብለው ይለያሉ። ጣሊያኖቹ ዶቶሬና ዶቶሬሳ አሏቸው። እኛ መነኩሲት፣ አሮጊት፣ ንግሥት ስንል ከርመን ‹ሐኪሚት› ለማለት ግን አልደፈርንም። ሐኪሟ ወይም ሐኪሚቱ ማለት እንችላለን፤ እሱም ቢሆን ሴቲቱ ታይታ፣ ታውቃ፣ ፊት ለፊት ቆማ ከሆነ ነው። ገና ያልታየች ሐኪም በአማርኛ ወንድ ናት።

ድሮ ሐኪም ማዕረግም ነበር፤ ከስም በፊት እንደ ዛሬው ዶክተር ይጠሩበታል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ማን ይረሳል? በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ሕፃን ሳሉ ወሰዷቸው፤ ህንድ አድገው፣ ቻርልስ ማርቲን ተብለው፣ ሕክምና ተምረው በምኒልክ ዘመን ተመለሱ። ሲመለሱ ማንነታቸውን ያረጋገጡት አያታቸው እንደሆኑ ይነገራል፤ ሰውነታቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አይተው። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው፦ በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም በአንዲት አሮጊት ተመርምረው ነው ወርቅነህ የተባሉት። ካርድም አላወጡ፣ ወረፋም አልጠበቁ። የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሐኪም ዶክተር ዊዳድ ኪዳነማርያም እስኪመጡ ግን ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ፤ ያን ጊዜ ‹ሐኪም› ከስም ፊት ወርዶ ‹ዶክተር› ወንበሩን ይዞ ነበር።

አጥንት ክፍል ኮሪደሩ ሌላ ዓለም ነው። ጀሶ የታሰረ እግር፣ ክራንች፣ ከሞተር ሳይክል የወደቁ ጎረምሶች። መሐላቸው ረዥም ሰውዬ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ በእጁ ፋይል ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሁሉም «ዶክተር! ዶክተር!» ይለዋል። እሱም በየተራ ያስረዳል፦

«ዶክተር አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ።»

«እሺ ዶክተር።»

«ነርስ ነኝ አልኩ እኮ፣ አባቴ።»

«ገባኝ ዶክተር። ራጁ መቼ ይደርሳል?»

ሰውየው ምን ይሁን? ሴት ነርስ ‹ሲስተር› የሚል የተዘጋጀ መጠሪያ ይጠብቃታል፤ ስሟ ጠፍቶ ሲስተር ብቻ ሆና ጡረታ የወጣች ጎረቤት አለችኝ፤ እድሯ መዝገብ ላይ እንኳ የሰፈረችው ‹ሲስተር› ተብላ ነው። ቃሉ ከመነኩሲቶቹ ወደ እንግሊዝ ሆስፒታሎች፣ ከዚያ ወደኛ የመጣ ነው። የነርስነትን ሙያ ያስከበሩልን ልዕልት ፀሐይ ራሳቸው በስደት ዘመን ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ገና በ22 ዓመታቸው አረፉና ሆስፒታል በስማቸው ተሠራ። ለወንዱ ነርስ ግን ማንም መጠሪያ አላሰበለትም። ወይ ሹመት ተሰጥቶት ዶክተር ይባላል፣ ወይ አንዱ «ብራዘር!» ሲል የሰፈሩ ልጅ የጠራው መስሎት ይዞራል። ዕድሜ ጠገቦቹ አሁንም ‹ድሬሰር› ይሉታል፤ እታለም የምታውቀው እሱን ነው።

እስራኤል የሚኖር አብሮ አደጌ ስለዚህ ሳወራው፣ «እዚህ ተገላግለናል» አለኝ። በዕብራይስጡ ወንዱ ሐኪም ሮፌ፣ ሴቷ ሮፋ ናት፤ ሴቷ ነርስ አሖት ስትሆን ወንዱ አሕ ነው፤ እኅትና ወንድም መሆኑ ነው። ከግዕዙ ብዙም አይርቅም። ችግሩ የመጣው በእናቱ ነው። ከጎንደር በገቡ በሳምንታቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ «አሖት አሁን ትመጣለች» ተብሎ ሲነገራቸው ቃሉን ያዙት። «እኅቴ? ማን አመጣት?» ብለው እንባቸው መጣ። እኅታቸው ጎንደር ናት። ቀኑን ሙሉ በሩን ሲያዩ ውለው ማታ መርፌ የያዘች ልጅ መጣች።

የኛ አገር ባለሥልጣን ስም ማውጣት ሲያምረው ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ‹ጤና መኮንን› የሚባል ባለሙያ ማሠልጠን ተጀመረ። መኮንን! ድሮ ግብር ቤት ‹መኳንንትና ወይዛዝርት› ተብሎ ሲታደም ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቷ በሌላ ነበር። ዛሬ ወይዘሮዋ ራሷ መኮንን ሆና ጤና ጣቢያ ላይ ተራ ትጠራለች። ‹አዋላጅ› የሚለው ተቃራኒውን ሆነ፤ ቃሉ ፆታ የለውም፣ ሰሚው ግን አሮጊት ካላየ አያምንም። ዛሬ የሠለጠነው አዋላጅ ስንት ቦታ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ ነው! በእታለም ቀበሌ ደግሞ ጉዳዩ አልቋል። በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሞላ ጎደል ሴቶች ናቸው፤ የእሷም ቀበሌ ሁለት ልጆች አሉት። መንደሩ በሙሉ ‹ዶክተሮቻችን› ይላቸዋል። ሴት ሐኪም ካልሆነ የምትለውም ከእነሱ ለምዳ ነው።

ይህን ሁሉ ሳስብ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ እታለም ተቀምጣለች፤ ቅቤው ጭኗ ላይ ነው። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ የያዘች፣ ስኒከር የተጫማች ሴት ሦስት ትልልቅ የራጅ ፖስታ አቅፋ በፍጥነት ስታልፍ አየሁ። ዕድሌን ልሞክር ብዬ ተከተልኳት።

«ሲስተር፣ ይቅርታ! ሴቷ ሐኪም ዛሬ ገብታ ይሆን?»

ቆመች። «ገብታለች።»

«ተመስገን! የት አገኛታለሁ?»

«ኮሪደሩ ላይ ናት» አለች። «ሰው አስቁሟት።»

ሦስት ሳምንት ሴት ሐኪም ስፈልግ ከርሜ፣ ሴት ሐኪም ፊት ቆሜ፣ ሴት ሐኪም እንድትፈልግልኝ የለመንኩት ሴት ሐኪሟን ነው። ረዥሙ ነርስ ከወዲያ ሆኖ በጣም ደስ ብሎት ያየኛል። የዚያን ቀን በሙሉ ሲከፍለው የዋለውን ዕዳ አንድ ሰው ሲመልስለት እንደማየት ነው።

ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት፣ «ግዴለም» አለችኝ፤ «ቅድም አንድ አባት ራውንድ ጨርሼ ስወጣ፣ ‹አንቺ ልጅ፣ ጎሽ፣ አሁን ደግሞ ዶክተሩን ጥሪልን› ብለውኛል።» ወንዶቹን ሬዚደንቶች እርስዎ፣ እሷን አንቺ እንደሚሏት ስትነግረኝ እኔ ራሴ እስካሁን በአንቺ ሳናግራት እንደቆየሁ ትዝ አለኝ። ‹እርስዎ› ለማለት ሞከርኩ። አረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ፆታና ክብር ተምታታብኝ፤ «እርስዎ… ካላስቸገርኩሽ…» ሆነ።

እታለምን አልጋው ላይ አስቀምጣ እንዲህ አለቻት፦ «እስቲ ይቺን ጉልበት እንያት።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ለታካሚ ሁሉ ይጠቅማል። አማርኛ የሚናገር ሐኪም በሽታውን ሊያሳንስልህ ሲፈልግ በሴት ያደርገዋል። ‹እብጠቷ፣ ኪኒኗ፣ ትንሽዬ መርፌ ናት፣ ትንሽ ትቆጠቁጣለች።› ትንሹንና የሚወደደውን ሁሉ በሴት መጥራት ልማዳችን ነው፤ ቤቷ፣ መኪናዋ፣ ቢራዋ። ስለዚህ ጆሮህን ስጥ። ‹እብጠቷን እናያታለን› ከተባለ ተንፍስ። ‹እብጠቱን ማየት አለብን› ከተባለ ዘመድ ጥራ። መርፌዋ ከሆነች ክንድህን ብቻ አቅርብ፤ መርፌው ከሆነ አልጋውን ያዝ።

የእታለም ጉልበት በሴት ጀምራ በሴት ጨረሰች። መገጣጠሚያዋ ላይ ያለው ልስልስ አጥንት ሳስቷል፣ ቀዶ ሕክምና ግን አያስፈልጋትም ተባለ። ዶክተሯ ራጁን ወደ መብራቱ አንሥታ እየጠቆመች አስረዳቻት፤ እታለም የገዛ አጥንቷን እንደ ሩቅ ዘመድ ፎቶ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ መርፌዋ መጣች። እታለም ጭኗን ገልጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የዶክተሯን ክንድ ጨምድዳ፣

«ቀስ አርገኝ የኔ ጌታ!… ተባረክ አባቴ!… ጎሽ የኔ ወንድም!» ትላታለች።

ለወንድ ሐኪም አላሳይም ብላ ከሰሜን ሸዋ ድረስ የመጣችው ሴት ናት። እኛ ዘንድ ፍቅር ሲጠና ሴቷ አባቴ፣ ወንዱም እናቴ ይባል የለ? ዶክተሯም ለምዳዋለች መሰለኝ፣ «አይዞሽ የኔ እናት፣ አለቀች» ትላለች። ነርሱ ፋሻውን ሲያቀብል እታለም ዓይኗን ገልጣ አየችውና፣ «አንተም ተባረክ፣ ዶክተር» አለችው። አላረማትም። ተስፋ ቆርጧል።

ሲያልቅ እታለም ቅቤውን አነሣች። ዶክተሯ እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

«እማማ፣ ከታካሚ መቀበል አይፈቀድልንም።»

«ከታካሚ ማን አለሽ? ከናትሽ ነው።»

«ደግሞም ማንጠሩን አልችልበትም። ብወስደው ይበላሽብኛል።»

እታለም ደነገጠች። ለእሷ ‹ባለሙያ› የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ወንድ ባለሙያ ከተባለ መሐንዲስ ሊሆን ይችላል፣ አናጢ ሊሆን ይችላል፣ ‹የጤና ባለሙያ› ሊሆን ይችላል። ሴት ባለሙያ ናት ከተባለ ግን ዶሮዋ፣ አብሲቷ፣ የቅቤ አነጣጠሯ ነው። ዶክተሯን ቁልቁል ሽቅብ አየቻት፤ እጆቿን አየች፤ የገዛ ጉልበቷን አየች።

«ቅቤ ማንጠር ሳትችይ ነው እንዴ የሰው አጥንት የምትከፍቺው?»

ዶክተሯ መልስ አጥታ ሳቀች። ነርሱ ከጥግ፣ «እኔ እችላለሁ» አለ። በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በእርድ አድርጎ ለናቱ እንደሚያነጥር ዘርዝሮ ነገራት። እታለም ጥቂት ፈተነችው፤ ኮሰረቱ መቼ እንደሚገባ ጠየቀችው፤ በትክክል መለሰ። ቅቤው የሄደው እዚያ ነው። «ይሄስ ባለሙያ ነው» አለችኝ ስንወጣ፣ እየሰማት። ደንቡን ማን እንደሚያስከብር ሳይ ዶክተሯ ፊቷን ወደ ራጁ አዞረች።

ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ለማስያዝ ወደ ካርድ ክፍል ተመለስን። ያችው ልጅ ናት ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው። ወረቀቱን ገፋሁላትና በጥንቃቄ፣ ቃል በቃል፣ «አጥንት ክፍል። ጉልበት። ሐኪሟ ሴት ናት» አልኳት። ልጅቷ ወረቀቱን ሳይሆን ከኋላዬ ምርኩዝ ይዛ የቆመችውን እታለምን አየች። ካርዱ ላይ ያለውን ዕድሜ አየች። ፊቷ በራ።

«እሳቸው ናቸው አይደል? ሰባ ሁለቷ? እንዴት ሆኑ እማማ፣ ተገላገሉ?»

እታለም ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለች።

«ተመስገን ልጄ፣ ተገላገልኩ» አለቻት። «በአንዲት መርፌ።»